በዝናብ ቀን የደረቀው ደጃፍ

ፖሊሶቹ ሞጣ ከተማ ባለው የእናቷ ቤት በራፍ ላይ የቆሙት ዘይዳ ምሳ ልታቀርብ ስትል ነበር። በዕድሜ የገፋው ፖሊስ ቀድሞ ተናገረ።

«ዘይዳ አብዱራዛቅ አንቺ ነሽ? ቢቸና ትፈለጊያለሽ።»

«ለምን?»

«የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሣህለ ማርያም ትናንት ከሰዓት በኋላ ተገድሎ ተገኝቷል።» ቀጥሎም ጨመረበት፤ «አንቺ ወደ ሱቁ ስትገቢ የሚያሳይ ምስል አለ።»

ዘይዳ የያዘችውን ሳህን የምታስቀምጥበት ጠፋት። እናቷ ተቀበሏት። የጋሽ ሣህለ ማርያም ሞት ገና ልቧ ውስጥ ሳይገባ ሁለተኛው ወሬ ቀደመው።

«ትናንት ከቤት አልወጣሁም» አለች።

«ከእኔ ጋር ነበረች፤ አሞኝ ስታስታምመኝ ነው የዋለችው» አሉ እናቷ።

ፖሊሱ እናቲቱን አየና ቃላቸውን ሳይመዘግብ ፊቱን አዞረ። የእናት ምስክርነት እንዴት እንደሚታይ ዘይዳ ከዚህ ተረዳች። ላፕቶፕዋን ይዛ እንድትመጣ አዘዟትና መኪና ውስጥ አስገቧት።

መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። ሣህለ ማርያም በቢቸና የታወቀ ፎቶ አዳሽ ነበር። ሰዎች የተቀደደ፣ ውሃ ያበላሸው፣ ብል የበላው የሟቾቻቸውን ፎቶ ያመጡለታል። ፕሮግራሙን የጻፈችለት ዘይዳ ናት። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ለሥዕል ሥራ ቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ቀላል የኮድ ስብስብ ተጠቅማ ነው የጻፈችው። ፕሮግራሙ ባዶ ሸራ ይከፍታል፣ ነጥብ በነጥብ ቀለም ይቀባል፣ ከአንዱ ምስል ቁራጭ አንሥቶ በሌላው ላይ ይለጥፋል። ከሱቁ ደጃፍ ፊት ለፊት የተሰቀለችውን ካሜራ የሚያዘውም የእሷው ሥራ ነው፤ ካሜራዋ ደጃፉን በየጊዜው ታነሣለች፣ ምስሉም ሳይጨመቅ፣ አንድም ነጥብ ሳይለወጥ እንዳለ ይቀመጣል።

ያልሄደችበት ቦታ ላይ የምትታይ ከሆነ፣ አንድ ሰው በገዛ ፕሮግራሟ ምስሉን ሠርቶታል ማለት ነው። ይህን ስትናገር የሚከተለው ጥያቄ ግን ከወዲሁ ታወቃት። ይህን ከአንቺ በላይ ማን ይችላል? ይሏታል። 

ኢንስፔክተር ባንቺዓለም የጠበቀቻት በሱቁ የኋላ ክፍል ነው። ድምጿን የማታነሣ፣ ከመጠየቋ በፊት ረጅም ጊዜ የምታይ ሴት ናት። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ደም ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ዘይዳ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

«የተመታው ከኋላ ነው» አለች ባንቺዓለም። «ይህን የካሜራ መቆሚያ እዪው። ሌሎቹ እግሮቹ አቧራ ለብሰዋል፣ አንዱ ተወልውሏል። ገዳዩ መሣሪያ ይዞ አልመጣም፤ እዚሁ ያገኘውን ነው ያነሣው። ሟቹም ጀርባውን የሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው።»

«እኔንም ያምኑኝ ነበር» አለች ዘይዳ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች።

ባንቺዓለም ቀና ብላ አየቻት። «ሚስቱ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን በስልክ ሲቆጣሽ ሰምታለች። ‹ያንቺ ፕሮግራም የሰው ቤት አፈረሰ› ብሏል።»

«የተቆጡት በእኔ አልነበረም። በፕሮግራሜ ሐሰት እንደተሠራና መጥቼ እንዳየው ነገሩኝ። የትኛው ምስል እንደሆነ አልተናገሩም። በነጋታው እመጣለሁ አልኳቸው፤ ‹እሺ፣ ነገ እጠብቅሻለሁ› አሉኝ፤ እናቴን አሟት ቀረሁ።»

«የደወለልሽ ከየት ሆኖ ነው?»

«ከሱቁ። የማተሚያው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሱቅ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሰምቷል» አለች ባንቺዓለም ለራሷ፤ ከዚያም የኔሰውን አስጠራች።

የኔሰው የሣህለ ማርያም ረዳት ነው። ፎቶ የማደስን ሥራ ከእሱ ተምሮ አብሮት የኖረ፣ በዕድሜ ከዘይዳ ብዙም የማይርቅ ሰው። ሲገባ ሊያያት አልፈለገም።

«ምስሉን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ኢንስፔክተር። የካሜራውን ፋይሎች ስመለከት አየኋት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ጋደም ብዬ። በዚያ ዝናብ የት እወጣለሁ? ብቻዬን ነበርኩ።»

«ፎቶ የምታድሰው በምንድን ነው?»

«በራሴ ላፕቶፕ። ከእኔ አይለይም።»

ፀሐይነሽ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ ገባች። ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሱቁ መጥታ ባሏን ወድቆ እንዳገኘችው ተናገረች። ከዚያ ወደ ዘይዳ ዞረች።

«ልጄ እልሽ ነበር» አለችና ወጣች።

ዘይዳ ስድብ ቢሆን በቀለላት ነበር።

ባንቺዓለም ምስሉን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ደጃፉ ይታያል። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት አንድ እግሯን የደጃፉ ድንጋይ ላይ አሳርፋለች። ዘይዳ ተጠግታ አየቻት። ሻሹ የእሷ ነው፣ ቦርሳው የእሷ ነው፣ የትከሻዋ ዝንባሌ እንኳ የራሷ ነው።

«ይህች ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ዘይዳ። «እኔ ነኝ፤ ግን በዚያ ቀን አይደለም።»

ባንቺዓለም ፊቷን ወደ ምስሉ አስጠግታ የሴቲቱን ፊት ሳይሆን እግሯን ስታይ ቆየች።

ዘይዳ ያደረችው ጣቢያ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቁ ሲወስዷት ሰዎች ከየደጃፋቸው ወጥተው ያዩዋት ነበር። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩም፤ እሷ ግን ከፖሊሱ ላለመራቅ እየተጣደፈች ሄደች። በሱቁ የኋላ ክፍል ውስጥ ፀሐይነሽና የኔሰው ተቀምጠዋል። የኔሰው ላፕቶፑን ይዞ እንዲመጣ ታዞ ነበርና ጉልበቱ ላይ አኑሮታል።

«ከደጃፉ እንጀምር» አለች ባንቺዓለም። «ምስሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከባዱ ዝናብ የነበረበት ነው። ግድግዳው ሥር ውሃ ተኝቷል፣ መንገዱም ያብረቀርቃል። ዘይዳ የረገጠችው ድንጋይ ግን ደረቅ ነው።»

«ጣሪያው ይከልለዋል» አለ የኔሰው።

«እኔም ያንኑ አስቤ ነበር። ግን ድንጋዩ ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ ነው፤ መለያውም በማስመሪያ የተሠመረ ያህል ቀጥ ያለ። ስለዚህ ዘይዳን ጠየቅኋት። የደጃፉን አንዳንድ ምስሎች ቀደም ሲል ለሙከራ ቀድታ ወስዳለች። ከእነዚህ አንዱ፣ እሷ በፀሐይ ቀን ወደ ሱቁ ስትገባ የተነሣ ነው። ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያው ምስል ተሰርዟል።» ወደ ዘይዳ ዞረች። «ሁለቱን ምስሎች የሚያነጻጽር ፕሮግራም አሁን እያየንሽ ጻፊ።»

ዘይዳ ተቀመጠች። የምትጽፈው ትንሽ ነገር ነው፦ ሁለቱን ምስሎች ክፈት፣ በልካቸው ሦስተኛ ባዶ ሸራ ፍጠር፣ ነጥቡን ከነጥብ ቀንስ፣ ልዩነት ካለ አብራ፣ ከሌለ ጥቁር ተው። ከልጅነቷ የምታውቀውን ቃል ጣቷ ሳተው፤ ፕሮግራሙ አልነሣም አለ።  የሳተችውን ፈልጋ አረመች።

መጀመሪያ ካሜራዋ አከታትላ ባነሣቻቸው ሁለት እውነተኛ ምስሎች ሞከረችው። ሸራው አመድ የተነሰነሰበት መሰለ።

«ደጃፉ እንደሆነ አልተንቀሳቀሰም። ለምን ጥቁር አልሆነም?» አለች ፀሐይነሽ።

«ብርሃን ስለማይረጋ ነው፣ እትዬ» አለች ዘይዳ። «ካሜራ አንዱን ግድግዳ ሁለቴ ቢያነሣው ነጥቦቹ በጥቂቱ ይለያያሉ። ሁለት ምስል ላይ ሁሉም ነጥብ ፍጹም አንድ ከሆነ፣ አንደኛው ከሌላው የተቀዳ ነው።»

ከዚያ የክሱን ምስልና የፀሐዩን ቀን ምስል ሰጠችው። ሸራው በሙሉ በራ። መሐሉ ላይ ብቻ፣ ማዕዘኑ ስል የሆነ ድቅድቅ ጥቁር ሳጥን ቀረ። ሳጥኑ በልኳ የተቆፈረ ጉድጓድ ይመስል ነበር፤ ዘይዳ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ታዲያ ምስል መሥራት የምታውቀው እሷ አይደለችም?» አለ የኔሰው።

«ታውቃለች። ግን ራሷን ለማስከሰስ ምን አደከማት? ደግሞ ማዕዘኑን እየው። ዘይዳ፣ ይህ ጠርዝ ለምን ሰላ?»

«የተለጠፈው በአሮጌው ፕሮግራም ስለሆነ ነው። አዲሱ የሚለጥፈውን ሁሉ ጠርዙን ራሱ ያለሰልሰዋል፤ ተው ቢሉትም አይተውም።»

«አዲሱ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ መቼ ገባ?»

መልሱ የመጣው ከፀሐይነሽ ነው። «ያን በፀሐይ የመጣች ቀን ነው፤ አሮጌውን አጥፍታ አዲሱን ጫነችልን። የኔሰው ለዘመድ ለቅሶ የጁቤ ከተማ ሄዶ ነበር።» አረፍተ ነገሯን ስትጨርስ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ላፕቶፑም አብሮት ሄዷል» አለች ባንቺዓለም። «አሮጌው ፕሮግራም የቀረው ላፕቶፑ ላይ ነው።» ከኪሷ በፕላስቲክ የታሸገ ፎቶ አወጣች። የድግስ ፎቶ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ልጅ ቆሟል። «ይህ ሟቹ ሲመታ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሽማግሌው ደብረ ኤልያስ ውስጥ ልጅ ሳይወልዱ ሞተዋል። ገብረ ሕይወት የሚባል ሰው ደግሞ ‹ልጃቸው ነኝ፣ ይኸው ምስክሬ› ብሎ የፎቶውን ቅጂ ፍርድ ቤት አቅርቦ፣ የወንድማቸውን ልጆች ከቤት ሊያስወጣ ነው። የልጁን ዙሪያ እዩት፤ ያው ስል ማዕዘን ነው። ሣህለ ማርያም ልጁ በአሮጌው ፕሮግራም እንደተለጠፈ አውቆ ነው ‹የሰው ቤት አፈረሰ› ያለው። የኔሰው፣ አንተ ስልኩን ሰምተሃል። ዘይዳ በነጋታው እንደምትመጣም ሰምተሃል። ስለዚህ እሷን ደጃፉ ላይ ማቆም ቀለለህ። መቅረቷን ግን አላወቅህም።»

ፖሊሱ ላፕቶፑን ከጉልበቱ ላይ ሲያነሣው የኔሰው አልያዘውም።

«ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክራለሁ አለኝ» አለ ወለሉን እያየ። «ለመንኩት። ፎቶውን ደግሞ ሊያይ ጀርባውን ሰጠኝ።» 

ይዘውት ሲወጡ ዘይዳ ከወንበሯ አልተነሣችም። ነፃ ነሽ ቢሏትም ፍርሃቱ ገና ከሰውነቷ አልወጣም። ባንቺዓለም ትከሻዋን ነካ አድርጋ ሄደች።

ፀሐይነሽ ግን አልሄደችም። ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ዘረጋችላት።

«ለቅሶ አልደረስሽም» አለች። «ነይ።»

በገበያው መሐል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። ዘይዳ ጋሽ ሣህለ ማርያም መሞታቸው የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።