ኪስ ውስጥ የተከፈተው ሰንጢ

ሟቹ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሁለት እጆቹን ቀኝ ጭኑ ላይ ደርቧል። ከሩቅ ላየው ከምሳ በኋላ ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስላል። ቀረብ ላለ ግን ሱሪውም፣ በርጩማውም፣ እግሩ ሥር የወዳደቀው የቆዳ ቁርጥራጭም በደም ርሷል። ሰንጢው ኪሱ ውስጥ ተከፍቶ ስለቱ ጭኑ ላይ ተሰክቷል።

«አደጋ ነው፤» አለ ወፍራሙ ፖሊስ። «ኪሱ ውስጥ ተከፈተበት፣ ወጋው፣ ደሙ ፈሰሰ፣ አለቀ። ለመክሰስ ሻያችን እንደርሳለን፣ አለቃ።»

መርማሪዋ ወደ በርጩማው ቀረበች። ቢሮ ውስጥ በሌለችበት «ጎርጓሪት» ነው የሚሏት፤ ታውቃለች፣ አትጠላውምም። ጎንበስ ብላ ሟቹን ከላይ እስከ ታች አየችው። ክፍሉ ቦርሳና ቀበቶ የሚሰፋበት ነው። ሟቹ ባለቤቱ ነበር፤ አብረውት የሚሠሩት ታናሽ ወንድሙና አንድ ሽማግሌ ናቸው። በምሳ ሰዓት በሩ ይቆለፋል። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሠራተኞች፣ ሚስቱና እናቱ።

እናትየው በሩ ላይ ቆመዋል። አላለቀሱም፤ ለልቅሶ የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም።

«ምን ታጎነብሻለሽ? ገዳይዋ እዚህ ቆማልሻለች፤» አሉ በጣታቸው ወደ ሟቹ ሚስት እየጠቆሙ። «ያንን የሰንጢ ኪስ የሰፋችው እሷ ናት። ልጄን በመርፌ ገደለችው። እንድትታሰር ነው የምፈልገው። የልጅ ልጄን ቤቴ አስገብቻታለሁ፤ ከእንግዲህ እዚያው ነው የምታድገው።»

ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከዚያው መንገድ ማዶ ነው። የአምስት ዓመት ልጇን ከሱቋ ደጃፍ ወስደውባት አንድ ሰዓት አልሞላም። መርማሪዋ ወደ ጓሮ ይዛት ወጣች።

«ስለ ኪሱ ንገሪኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያወራነው ስለ እሱ ኪስ ነው። ሰንጢው የአባቱ ነው፤ ለቅጽበት ከእሱ አይለይም። መጀመሪያ የኋላ ኪሱ ውስጥ ያዘው፤ በተቀመጠ ቁጥር ቆረቆረው። ቀበቶው ላይ አንጠለጠለው፤ የበር እጀታ ሁሉ እየያዘ ያስቀረው ጀመር። በገመድ አንገቱ ላይ አሰረው፤ ጎንበስ ሲል ሾርባው ውስጥ ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንቅልፍ ነሳኝ። በመጨረሻ፣ ሰንጢው ታጥፎ ብቻ የሚገባበት ጠባብ ኪስ ፈለገ። የሚከፈትበት ጎኑ ስፌቱን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ስፌቱ ራሱ እንዳይከፈት ይይዘዋል። ከቆዳ ሰፋሁለትና ሱሪው ውስጥ አያያዝኩት። መቶ ጊዜ እየተቀመጠ እየተነሳ ሞከረው። ደረጃ ላይ ሲዘል ያየው ጎረቤት አበደ ብሎኛል።»

«በምን ክር ሰፋሽው?»

«በጥጥ፣ ደርቤ፤ ጫፉን ቋጥሬ። ናይለኑ የሚገኘው እነሱ ጋ ነው፤ እኔ ልብስ ነው የምሰፋው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ስፌቴ አይለቅም። ለቀቀ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ልጄን አይመልሱልኝም።»

ሽማግሌው ጓሮው ጥግ ተቀምጠዋል። በየእጃቸው አራት አራት ጣት ነው ያለው፤ አውራ ጣት የለም። ሲጋራ ከንፈራቸው ላይ ሰክተው አንገታቸውን ወደ ወፍራሙ ፖሊስ አሰገጉ።

«ለኩስልኝ፣ ወንድሜ። የእኔዎቹን መቁረጫ ማሽኑ በልቷቸዋል። ድሮ ቆራጭ ነበርኩ፤ አሁን በመዳፌ ሙጫ እቀባለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የገደሉት?» አለች መርማሪዋ።

«ብሆን እንዴት ደስ ባለኝ። መከላከያ ብረቱን ከማሽኑ ላይ ያነሳው እሱ ነው፤ ሥራ ያዘገያል ብሎ። ከዚያ ደግሞ ጠጥቶ ነበር ብሎ መሰከረብኝ። አራት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ስገድለው አድራለሁ፤ ጠዋት ግን ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ሥራ ይገባል።» ጭሱን በአፍንጫቸው ለቀቁት። «የቀደመኝን ሰው ባውቀው ተናድጄ አጋልጠው ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ምን የተለየ ነገር አዩ?»

«ወንድማማቾቹ ስለ አባታቸው ያወሩ ነበር። ማሽኑ ስለሚጮህ አልሰማኋቸውም። ትልቁ ሳቀ። ታናሹ ማሽኑን አጠፋው። እሱ ደግሞ ሰማይ ቢደፋ ማሽን አያጠፋም።»

በማግስቱ መርማሪዋ ታናሽየውን ስታገኘው ማሽኑ ላይ ነበር፤ ቀበቶ ይሰፋል። ክሩን ይቆርጣል፣ ላይተሩን ቀጭ ያደርጋል፣ የናይለኑን ጫፍ ያቀልጣል፣ በጥፍሩ ጫን ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሲያወራም ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ እጁን አንድም ጊዜ አላየውም።

«ወንድምህ ትናንት ሞቶ ዛሬ ሥራ?»

«እጄ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቴ ይረበሻል። እንግዲህ ምን ይደረግ።» ቆረጠ፤ ቀጭ። «የወንድሜን ሚስት አልከሳትም። ሆን ብላ አይደለም። ግን የልብስ ሰፊ እጅ ቆዳን አያውቅም፤ ስፌቱ ለቀቀ። እናቴ ደግሞ ቂም ከያዘች አትለቅም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ልክ እንደ ሟቹ ያለ ሰንጢ ገዛች። ሚስትየው ያንኑ የመሰለ ኪስ ሰፋችላት። ኪሱ በወፍራሙ ፖሊስ ሱሪ ውስጥ ተያያዘ።

«ለምን እኔ?»

«አንተን የቻለ ኪስ ማንንም ይችላል።»

ፖሊሱ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ግቢውን ሮጠ፣ ከጠረጴዛ ላይ ዘለለ። ጠረጴዛው እግሩ ተነቃነቀ፤ ሰንጢው ግን እንደታጠፈ ነው። ከዚያ በኋላ መርማሪዋ የሟቹን ኪስ ከማስረጃ ከረጢቱ አውጥታ በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየው የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡ፤ ሚስትየው እንድታይና እንድትቃጠል። መርማሪዋ ልጅቷን ከፖሊሱ ጋር ወደ ጓሮ ላከቻት።

«እማማ፣ ልጅዎን አደጋ አልገደለውም፤» ስትል ጀመረች።

«አልኩሽ አይደል። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ምሕረት እንዳታውቂ። ሲበሰብስ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እሺ። ኪሱ ሰንጢው ታጥፎ ብቻ የሚገባበት ነው። ስፌቱ ካልተፈታ ሰንጢው ውስጡ አይከፈትም። ስፌቱ ደግሞ ተፈቶ ነው የተገኘው። ጥያቄው መቼ ተፈታ የሚለው ነው።» ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ላዩ በደም ጠቁሯል። ስፌቱ ገጥሞት የነበረውን የውስጡን ጠርዝ ግን እዩት፤ ንጹሕ ነው። ደሙ ሲፈስ ስፌቱ እንደተገጠመ ነበር ማለት ነው። ሰውየው በሰው እጅ ተወጋ፤ ከሞተ በኋላ ስፌቱ ተፈታ፤ ሰንጢው ተከፍቶ እዚያው ተመልሶ ተሰካ።»

«እሷው ሰፍታ እሷው ፈታችው፤» አሉ እናትየው።

«እኔም አስቤው ነበር። ከዚያ የክሩን ጫፍ አየሁት። ተቃጥሏል።»

ሽማግሌው ሲጋራቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ቆዳ ሰፊ ናይለን ሲቆርጥ ጫፉን በእሳት ያቀልጠዋል፤ እንዳይተረተር። በቀን ስንት መቶ ጊዜ። እጁ ከጭንቅላቱ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሰው ሬሳ ፊቱ ተቀምጦም ቢሆን። ይህ ክር ግን ጥጥ ነው። ጥጥ አይቀልጥም፣ ይጠቁራል። ልብስ ሰፊ ይህን ጠንቅቃ ስለምታውቅ ጥጥ ላይ እሳት አታስጠጋም። ጋሼ እንኳን ክር ሊያቃጥሉ የራሳቸውን ሲጋራም ሰው ነው የሚለኩስላቸው። እማማ፣ እርስዎም መርፌ ይዘው እንደማያውቁ ተነግሮኛል። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ታናሽየው እጁን አየው፤ ባልንጀራውን ጆሮ ጠቢ ሆኖ ያገኘ ሰው እንደሚያየው። ለመካድ አልሞከረም።

«ከአባቴ ጋር ተጣልተን ነበር፤» አለ። «ሊሞት ሲል ይቅር እንዲለኝ ሄድኩ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ "ላይህ አልፈልግም ብሏል" ብሎ መለሰኝ። ሰባት ዓመት ያንን ተሸክሜ ኖርኩ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ፣ እየሳቀ ነገረኝ። "እስኪነጋ ድረስ ስምህን ሲጠራ ነበር፤ አይመጣም አልኩት" አለኝ። በምሳ ሰዓት ተመልሼ የአባባን ሰንጢ አሳየኝ አልኩት። አጥፎ ሰጠኝ። "ስትከፍተው ተጠንቀቅ፣ እንዳይቆርጥህ" አለኝ።»

«እሷስ ምን አደረገችህ?» አለች መርማሪዋ ወደ ሚስትየው እያመለከተች።

«ምንም። ስፌቱ የእሷ ሆነ እንጂ።»

እናትየው ሟቹ የሞተበትን በርጩማ ሳያስተውሉ ተቀመጡበት። «ይሄኛውን ተዪልኝ፤» አሉ ቀስ ብለው። «የቀረኝ እሱ ነው። ምሕረት አድርጊለት።» ምሕረትን ቀድሞ የከለከሉትም፣ አሁን ለራሳቸው ልጅ የለመኑትም እሳቸው ናቸው። መርማሪዋ የታናሽየውን ክንድ ያዘች።

ጓሮው ውስጥ ልጅቷ ለወፍራሙ ፖሊስ በቆዳ ቁርጥራጭ የእጅ ሰዓት እየሠራችለት ነበር። ሚስትየው ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። እናትየው ግድግዳ እየተደገፉ ተከትለው ወጡ።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። እሷን ግን አትከልክዪኝ። ከእንግዲህ ማን አለኝ?»

ሚስትየው የልጅቷን ኮሌታ አስተካከለች፤ ተጣሞ የነበረውን አዝራር ፈትታ መልሳ ቆለፈችው። አልቸኮለችም።

«ልብሷን በሰው ይላኩልኝ፤» አለች። «እርስዎ አይምጡ።»

እናትየው ፍርድ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ መርማሪዋ ዞሩ። መርማሪዋ የምትለው ነገር አላጣችም፤ ሆኖም የተጠራችው ሰንጢውን ማን እንደከፈተው ልትናገር ብቻ ነበር። ታናሽየውን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች፤ ሚስትየውና ልጇም መንገዱን ተሻግረው የሱቃቸውን በር ከውስጥ ቆለፉ።