ጥላ የሚፈራው መኪና

መኪናው በቦታው ቆሟል። የፊት መስታወቱ ግን የለም።

አልተሰበረም። መሬቱ ላይ አንድም ስባሪ አልወደቀም። አንድ ሰው በጥንቃቄ ነቅሎ ወስዶታል።

በነዳጅም በባትሪም የሚሄደው ነጩ ሃይብሪድ መኪና ከፎቁ ጀርባ፣ በዛፎቹ ሥር፣ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው መስሏል። የከሰዓት በኋላው ነፋስ በመስታወቱ ቦታ ይገባና ወንበሮቹን ዳብሶ ይወጣል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ቢጫ ቅጠሎች ተኝተዋል። መሪው ላይ አንዲት ርግብ ሰፍራለች።

የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ከሥራ ስትመለስ ያየችው ይህን ነው። መኪናው የእሷ ነው። አልጮኸችም። ርግቧ እስክትበር ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

የመጣችው ኢንስፔክተር ዝግ ያለች ሴት ናት። የዓይኗ ሽፋኖች ሁልጊዜ እስከ ግማሽ ወርደው ስለሚታዩ የጣቢያው ሰዎች «እንቅልፌ» ይሏታል። መኪናውን እንደ ሕመምተኛ አልጋ ቀስ ብላ ዞረችው።

«ቆልፈውት ነበር?»

«ግቢ ውስጥ ነው ብዬ አልቆልፈውም። ዛሬ የሄድኩት በባልደረባዬ መኪና ነው።»

«ሌላ የጠፋ ነገር አለ?»

ፋርማሲስቷ አየች። «አንዱ ዋይፐር።»

ከሁለቱ የዝናብ መጥረጊያዎች በሹፌሩ በኩል ያለው የለም። ሌላው ኮፈኑ ላይ ተጋድሟል። ከመስታወቱ ጀርባ የነበረችው ትንሽ ካሜራ ግን አልተወሰደችም። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኝተዋታል። ጥቁር ዓይኗ ሰማዩን ያያል።

«ይህች ምን ትሠራለች?»

«መንገዱን ታያለች። ሰው ድንገት ከገባ መኪናው ራሱ ፍሬን ይይዛል። ከመስመር ስወጣ ደግሞ ይጮህብኛል። ልክ እንደ እናቴ።»

«ሌባ ይህችን ትቶ መስታወት ይወስዳል?»

መልስ የነበረው ከላይ ፎቅ በነጠላ ጫማ የወረደው አዲሱ ጎረቤት ነው፤ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለ። «እንዲያውም አንዱን ጫፍ ያዝኩለት።»

የኢንስፔክተሯ ዓይኖች በመጠኑ ተከፈቱ። «ያዝኩለት ነው ያሉኝ?»

«ብቻውን ሲታገል አይቼ አዘንኩለታ። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ አፍና አፍንጫውን ሸፍኗል። ተጋግዘን የመጣበት ቫን ውስጥ አስገባነው። አመስግኖኝ ሄደ። በጣም ጨዋ ሰው ነው።»

«ቱታው ላይ ጽሑፍ ነበረው?»

«ጽሑፍ አላየሁም። ጀርባው ላይ ክንፍ ያላት መስታወት ተስላለች።»

ፋርማሲስቷ የመኪናውን በር ተደገፈች። ያንን ቱታ ታውቀዋለች። ታናሽ ወንድሟ ይዞት ሲመጣ የምታጥበው እሷ ናት።

---

ወንድሟ የመኪና መስታወት ገጣሚ ነው። ከእሷ ጋር ይኖራል። ባለ ክንፏ መስታወት የሚሠራበት ሱቅ ምልክት ናት። ሲመሽ ፖሊሶች ከሱቁ በር ላይ ያዙት።

ነገሩ መስታወት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ግን ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ አንድ መኪና የመንገድ ጠራጊ ሴት ገጭቶ ሄዷል። ትቶት የሄደው የተሰበረ ዋይፐርና እንደ ስኳር የተበተነ የመስታወት ፍርፋሪ ነው። ዋይፐሩ የእንዲህ ዓይነት ሃይብሪድ መኪና ነው። ፖሊስ መስታወት ገጣሚውንም አስመጪውንም አስጠንቅቋል፤ የዚህን መኪና መስታወት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ጥሩን ብሎ። ማንም አልመጣም። አሁን ገባቸው። ገጭቶ ያመለጠው ሰው የሚያስፈልገውን መስታወት ከመግዛት ሰርቆታል።

ልጁ የጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ጣቶቹ ላይ ጥቁር ማጣበቂያ ደርቋል።

«ቱታው የማን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የሁላችንም። ሱቁ ውስጥ ይሰቀላል። ቀድሞ የደረሰ ይለብሳል።»

«ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ጋሼ ማጣበቂያ አምጣ ብለው ላኩኝ። ማጣበቂያ የሚሸጠው ሱቅ ዝግ ነበር። በእግሬ ተመለስኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«እግረኛን ማን ያያል?»

ጋሼ የሱቁ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ኢንስፔክተሯ ቃላቸውን ተቀብላ ነው የመጣችው።

«ጋሼ ልኬው እንደሆነ አላስታውስም ይላሉ።»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ጋሼ?» አለ።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተሯን ከኮሪደሩ ጠራት። ደስ ብሎታል። «ገጭቶ ያመለጠው ሰው ከልጁ ጋር ተስማማ፤ ልጁ የእህቱን መኪና መስታወት ነቅሎ ሰጠው። አለቀ። ሰኞ ዓቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። የጠራጊዋም ጉዳይ አብሮት ይታያል። አንቺም ሄደሽ ትተኛለሽ።»

«አሁንም እኮ ተኝቻለሁ» አለች።

«ይታያል።»

«የሌሎቹን ሃይብሪዶች መስታወት አያችሁ?»

«የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ፣ የመስታወት ቤቱ ሽማግሌ። ሌላ የለም። ሁሉም መስታወታቸው ደህና ነው።»

«አሁን ደህና ነው» አለች።

ኢንስፔክተሯ በበሩ ክፍተት ፋርማሲስቷ ወንድሟ ፊት ስትቆም አየች።

«ማሙሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለማን ሰጠኸው?»

«እታለም፣ እኔ አይደለሁም።»

«ያቺ ሴት ሆስፒታል ተኝታለች። መድኃኒቷን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ለማን ሰጠኸው?»

«አይደለሁም አልኩሽ።»

«እንግዲያው እኔ ቤት እንዳትመጣ።»

ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ልጁ አዳመጠው።

---

ጠራጊዋ ትራስ ተደግፋ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ታያለች። ዳሌዋ ተሰብሯል። ለኢንስፔክተሯ ቀስ እያለች ታወራላታለች።

«ሕልም ነው የመሰለኝ፣ እህቴ። መኪና ሲመጣ ድምፅ አለው አይደል? ይሄ ድምፅ የለውም። ነፋስ ብድግ አድርጎ ያስቀመጠኝ ነው የመሰለኝ። መጥረጊያዬ ከእኔ በላይ ሲበር አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሊያነሳኝ ነው አልኩ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መልሶ ተዘጋ።»

ኢንስፔክተሯ ከዚያ ወጥታ ብዙ ሰዓት ያለ ዓላማ ተራመደች። ካሜራዋ ከሐሳቧ አልወጣችም። ፎጣ ላይ መተኛቷ። ሊሸጥ የወሰደ ሌባ ካሜራዋን አይተውም። የተዋት ሌላ ካሜራ ስላለው ነው። ዋይፐሩንም አንድ ብቻ የወሰደው የጎደለው አንድ ስለሆነ ነው። ይህ ሰው መኪናውን እንደ ነበረ አድርጎ መልሶ ሊሠራ ፈልጓል።

ልጁ ወዳለበት ተመለሰች። ሻይ ይዛለታለች።

«መስታወቱን የሰረቅሁት እኔ ነኝ እንበል» አለችው። «ገጠምኩት። መኪናዬ ዳነ?»

ልጁን ጥያቄው አሳቀው። «አልዳነም።»

«ለምን?»

«የካሜራዋ ዓይን ይዛባል። ፀጉር ታህል ብትዘነበል እንኳ ሩቅ ስታይ ሌላ ነገር ነው የምታየው። መኪናውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁመን፣ ፊት ለፊቱ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ተክለን፣ በኮምፒውተር እናስተካክላታለን። ያለዚያ የሌለ ነገር ይታያታል። የዛፍ ጥላ ግድግዳ ይመስላትና ፍሬን ትይዛለች።»

«ሰሌዳው የት ነው ያለው?»

«እኛ ጋ ብቻ።»

«ጋሼ ናቸው የሚያስተካክሉት?»

«ጋሼ ኮምፒውተር ጠላታቸው ነው። እኔ መስታወቱን ላስቀምጥ፣ ማሰቡን አንተ አስብለት ይሉኛል።»

«ስለዚህ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ ዓይኖቿን ጨፈነች። ልጁ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አንተ እዚህ እስካለህ ድረስ» አለች ሳትገልጣቸው፣ «ያ መኪና የሌለ ነገር እያየ ነው የሚዞረው።»

---

ከሱቆቹ ሠፈር ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ በረጃጅም ዛፎች የታጠረ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላዎቻቸው አስፋልቱ ላይ እንደ መሰላል ይጋደማሉ። የሦስቱም ባለ መኪናዎች ቤት በዚያ በኩል ነው። ኢንስፔክተሯ የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠች። ብርሃኑ ወፍራምና ወርቃማ ነበር። አቧራው ውስጥ ነፍሳት ይንሳፈፋሉ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መኪና መጣ። ጥላዎቹን እየቆጠረ የሚያልፍ እንኳ አልመሰለም፤ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሐኪሙም አለፈ። እጁን አውለበለበላት።

ከዚያ ግራጫ መኪና መጣ።

የመጀመሪያው ጥላ ጋ ሲደርስ ቆመ። አፍንጫውን ደፋ፣ ቀና አለ፣ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ጥላ ጋ ቆመ። ድምፅ የለውም። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው በማያውቀው ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚያልፍ ሁሉ ባዶው መንገድ ላይ ይዳብሳል። ከኋላ ያለው ባለ ታክሲ አንገቱን አወጣ።

«አባቴ፣ ለእያንዳንዱ ዛፍ እጅ እየነሱ ነው እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ከመኪናው ጎን መራመድ ጀመረች። መሮጥ አላስፈለጋትም። መስኮቱን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይቁሙ።»

«ከመቆም ሌላ ምን እያደረግሁ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ዳር ያዙ። የመስታወቱን ጠርዝ በጥፍሯ ነካችው። ጥቁሩ ማጣበቂያ አዲስ ነው። ጎበጥ ብሎ ያበራል።

«መኪናው ምን ሆኖብዎት ነው?»

«ጥላ ይፈራል።»

«ማጥፊያ የለውም?»

ሽማግሌው በመሪው በስተግራ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በጣታቸው አሳዩ። አልነኳትም።

«አለው። ያን ዕለት አጥፍቼው ነበር። ሲጮህብኝ አልወድም። ለሌላው ሰው እንዲጮህ አድርጌ እሰጣለሁ፤ እኔ መንዳት መች ጠፋኝ እላለሁ። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ሴትየዋን ያየኋት መስታወቱ ላይ ካረፈች በኋላ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ልጫነው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ባጠፋው ማንም ልብ አይለኝም ነበር፤ አውቃለሁ።»

«በሩን ከፍተው ነበር።»

«አንድ እግሬን አውርጄ ነበር። ጋሼ የሚለኝ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እግሬን መልሼ አስገባሁት።»

ባለ ታክሲው እያያቸው አለፈ።

«ለምን የእህቱን መኪና?»

«ሌላው በር ይቆልፋል። እሷ እንደማትቆልፍ ልጁ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ። ከሱቁ ዞር እንዲል ማጣበቂያ አምጣ አልኩት፤ የሚዘጉበት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ቱታ የለበሰን ሰው ደግሞ ማንም ፊቱን አያይም።»

«ልጁን አሳሰሩት እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱን አላሰብኩም ነበር። ስትጠይቂኝ ነው የመጣብኝ።» እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አላስታውስም ማለት ውሸት አልመሰለኝም። ሁሉንም ልረሳው እየሞከርኩ ነበርና።»

---

ኢንስፔክተሯ የእስር ክፍሉን በር ለልጁ ከፈተችለት። የሆነውን በአጭሩ ነገረችው። ልጁ ቀዝቃዛውን ግድግዳ በእጁ ዳበሰ።

«ሌሊቱ ይበርዳል እዚህ» አለ። «ለጋሼ ብርድ ልብስ ስጧቸው።»

ውጭ እህቱ ቆማለች። መኪናዋ አሁንም መስታወት የለውም፤ በእግሯ ነው የመጣችው። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ማሙሽ።»

«እታለም።»

«እንሂድ ቤት።»

አልተነቃነቀም። «መጀመሪያ ስለ ቱታው ሲነግሩሽ ምን አሰብሽ? እውነቱን።»

ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። «አንተ ነህ ብዬ አሰብኩ።»

«እኔ አይደለሁም ስልሽስ?»

«ያኔም።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ መሄድ ጀመረ። እሷ በወዲህኛው ቀረች። ፍጥነታቸው ግን አንድ ነው። ሱቆቹ መብራት እያበሩ ነበር፤ ልጁ በአንዱ ብርሃን ውስጥ ይገባል፣ ይጠፋል፣ በሌላው ይወጣል። አውቶቡስ በመካከላቸው ባለፈ ቁጥር እሷ ትቆማለች። አልፎ ሲሄድ እዚያው ቆሞ ታገኘዋለች።

ወደ ቤታቸው የሚታጠፈው ጥግ ላይ ደረሱ። በወዲያኛው በኩል ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ አለ። ቆመ። ልትጠራው አፏን ከፈተችና ተወችው። ይህን ራሱ እንዲወስን ፈለገች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ጠበቀች።

ልጁ ግራ ቀኙን አይቶ ተሻገረ።