ሁለተኛው ጆይስቲክ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። እንጅባራ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ከወንዙ ማዶ ድምፅ ይሰማል" ሲሉኝ "ድምፅ ያለ ንዝረት አይኖርም፣ የሚንቀጠቀጠውን ነገር ፈልጋችሁ አምጡልኝ" ብዬ አስቃቸዋለሁ፣ እናቴ ጉጉት ጮኸች ብላ ስታማትብ እንኳ "ምነው፣ እሷስ ራት አትፈልግም?" እላት ነበር። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሂድና ተኛ፣ ድካም ነው" ብዬ አሰናብተው ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ነው፣ የደረሰውም በጠራራ ባይሆንም በቀን ነው፣ ምንም አልቀመስኩም፣ ስለዚህ አትሳቁብኝና ስሙኝ።

ይበልጣል የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። አለኝ ልበል ወይስ ነበረኝ ልበል፣ ጣጣው ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ይበልጣል ትምህርቱን እንዳቆመ ባሕር ዳር ወርዶ አንድ አሮጌ ፕሌስቴሽን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ መጣ፣ ያንን ጥቁሩንና ወፍራሙን ፒኤስ ቱ። እናቴ ቴፕ መስሏት "ካሴቱስ የት አለ?" አለችው። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ስላልነበረ ሳሎናችን ወዲያው መናኸሪያ ሆነ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ገበያ የዋለው፣ ከደብተሩ የሸሸው ሁሉ እኛ ቤት ነው፣ ቆሞ የሚያየው ከሚጫወተው ይበዛል። በኋላ እናቴ ሲያንገፈግፋት መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሠራ፣ ጌም ቤት ሆነ። ማሽኑ ሲዲ አላነብ ሲል ጥጥ በአረቄ ነክሮ ዓይኑን ይጠርገዋል፣ ጓደኞቹ "ዛሬ ጠጥቷል" እያሉ ይስቃሉ፣ በዚያም እምቢ ካለ በጀርባው ይገለብጠዋል፣ ያኔ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ እኔ የፊዚክስ አስተማሪዋ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ቀጫጭኖቹ መጡ፣ ገመድ አልባ ጆይስቲክ ያላቸው ተከተሉ፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ይበልጣል አዳዲሶቹን ሁሉ ሲሸጥ ጥቁሩን አልሸጠም፣ "የሁሉም አባት ይሄ ነው፣ አባት አይሸጥም" ይል ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በይበልጣል ቤት ጨዋታ መሀል ላይ ማቆም ነውር ነበር፣ እሱም ራሱ ለማንም አያቆምም፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ለእናቴ። ሳሎናችን ውስጥ በነበሩበት ዘመን ከጓሮ "ይበልጣል!" ብላ ስትጠራው ጎል ሊያገባ ቢሆን እንኳ ጨዋታውን ቀጥ ያደርገዋል፣ ጆይስቲኩን በአፉ ደፍቶ ወንበሩ ላይ ያኖረዋል፣ ይሄዳል። ተመልሶ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ያቆመ ነው የሚያስጀምረው፣ ሕጋቸው ነበር፣ የተደፋ ጆይስቲክ ያነሳ ሰው በዚያ ቤት ሌባ ይባላል።

ጌም ቤቱ ሰው ሲሸሸው ይበልጣል በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ከዚያ እዚያ ጦርነት ተነሳ፣ ስልኩ ጠፋ። ቆይቶ አብሮት የሠራ አንድ የጫግኒ ልጅ ተመለሰና "ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለ። ሰምቻለሁ ነው ያለው፣ አየሁ አላለም፣ ቀበርኩ አላለም። ዘመድ ግን ተሰበሰበ፣ ለቅሶ ተቀመጥን።

እኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ንብረት ይወጣል፣ ፈረስ ያለው ፈረሱ ተጭኖ በሰው መሀል ይሳባል፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው ይያዛል። ይበልጣል ሁለቱም የለውም። ጓደኞቹ ከግምጃ ቤት ከተማ ፈረስ ተውሰው አምጥተው፣ ኮርቻው ላይ ያንን ጥቁር ማሽን አሰሩበት፣ ጀማል የሚባለው የልብ ጓደኛው፣ አባቱ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት፣ ሁለቱን ጆይስቲኮች ደረቱ ላይ ይዞ ከፈረሱ ፊት እያለቀሰ ሄደ። ከአዘና የመጡት አጎታችን "ሬሳ የለ፣ ፈረሱ ላይ ሬድዮ፣ ይሄ ምን የሚሉት ለቅሶ ነው?" ብለው ነበር፣ ግን ሴቶቹ ማሽኑን ሲያዩ እሪ ሲሉ እሳቸውም አልቻሉም። ከዚያ ዕቃው እናቴ ኪራዩን እየከፈለች ወዳቆየችው ጌም ቤት ተመለሰ፣ በጨርቅ ተሸፈነ፣ በሩ ተቆለፈ።

ዓመቱ ሲደርስ ዘመድ "ተዝካሩ ይውጣ፣ ነፍሱ አትንከራተት" አለ። እናቴ እምቢ አለች። "ልጄ በእግሩ ቆሞ እየሄደ ከሆነስ? ለቆመ ሰው ተዝካር አውጥቼ ራሴ ልቅበረው?" እያለች ስንት ጊዜ አለቀሰች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ሞቷል አልኳት። ሌላ ምን ልበል፣ ይህን ያህል ጊዜ ዝም የሚል ልጅ አልነበረም። እሷም ጌሾዋን መውቀጥ ጀመረች።

በተዝካሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የጌም ቤቱን አግዳሚዎች ለእንግዶች መቀመጫ ላመጣ ሄድኩ፣ ጀማል በፈረስ ጋሪ ሊጭንልኝ ተቀጣጥረናል። የእንጅባራን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ቀኑ መሽቷል አይባል ነግቷል አይባል፣ ገና በሩን ከመክፈቴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። በሩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። ብርድ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ማሽኑን አየሁት። ነገ ተዝካሩ ነው፣ አንድ ጊዜ ልሰናበተው ብዬ ከቲቪው ጋር አገናኘሁት። መብራት ነበር፣ ሠራ፣ ያ የማውቀው የመነሻ ድምፁ መጣ፣ እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ።

ይበልጣልን በሕይወቴ አሸንፌው አላውቅም። ስለዚህ ምን አሰብኩ፣ ሁለቱንም ጆይስቲክ ሰክቼ፣ የእሱን አጠገቤ አግዳሚው ላይ በጀርባው አስቀምጬ፣ የቆመ ቡድን ላይ ጎል ላገባ። የልጅ ነገር ነው። የእሱን ቡድን መረጥኩለት፣ ጀመርኩ፣ ተጫዋቾቹ እንደ ቋሚ እንጨት ተገትረው ሳለ በመሀላቸው አልፌ አንድ አገባሁ። "ብላ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ከጎኔ "ጠቅ" አለ።

ጣሪያው ያፈሳል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ "ጠቅ፣ ጠቅ"፣ ወዲያው የእሱ ተጫዋች ኳሷን ጀምሮ ዞር አለ። አልደነገጥኩም፣ እመኑኝ፣ የአሮጌ ጆይስቲክ አመል ነው፣ ሲያረጅ ራሱን ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ይሄንን ይበልጣል ራሱ ነው ያስተማረኝ። ግን ኳሷ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ለበረኛው። በረኛው መልሶ ሰጠ። አሁንም ለበረኛው ተመለሰች። እዚያ ላይ ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም ይበልጣል ጎል በገባበት ቁጥር ከማጥቃቱ በፊት ሁለቴ ለበረኛው ይመልሳል፣ "ሰላም ልበለው እንጂ፣ አዝኗል" እያለ፣ እኔን ለማናደድ።

ዞሬ ማየት ነበረብኝ። አንገቴ እምቢ አለኝ። ዓይኔ የደፈረው ወለሉን ብቻ ነው፣ የሁለተኛው ጆይስቲክ ገመድ ሰው እንደያዘው ብድግ ብሎ፣ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። "ይበልጣል?" አልኩ። ኳሷን የያዘው ተጫዋች ቆመ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ከሩቅ መታ፣ ገባ። አንድ ለአንድ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ደስ አለኝ። ፈራሁ ብላችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ፣ ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው፣ ያኔ ግን እንደ ድሮው "አንተ ሌባ፣ ቆይ" እያልኩ ተጫወትኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ከጎኔ ያ ጠቅታ ሳያቋርጥ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ዝናቡ ሲቀንስ ትዝ ይለኛል። ከዚያ እሱ ኳስ ይዞ ጎሌ ፊት ደርሶ፣ በረኛዬ ወድቆ፣ ሊያገባ ሲል ጨዋታው ቀጥ አለ።

እኔ አልነካሁም። ስክሪኑ ላይ ማን እንዳቆመው ይጻፋል፣ ተጫዋች ሁለት ነው የሚለው። አግዳሚው የተቀመጠበት ሰው ሲነሳለት እንደሚያደርገው ሲጥ አለ፣ ወደ እኔ በኩልም ትንሽ ዘመም አለ።

በሩ ተንኳኳ። ጀማል ነበር፣ ኩታው ረጥቦ።

"ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ቆየት ብያለሁ እኮ" አለኝ። "ጨዋታ ላይ ናችሁ ብዬ ነው ከጣሪያው ሥር የቆምኩ። እንግዳሽ ማነው?"

"ናችሁ?" አልኩት።

"ወላሂ፣ የሁለት ጆይስቲክ ድምፅ ይጠፋኛል? ያደግሁበት እኮ ነው።" እየሳቀ ገባ፣ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ አግዳሚውን አየና ሳቁ ጠፋ። እኔም ያን ጊዜ ነው ዞሬ ያየሁት። ሁለተኛው ጆይስቲክ በአፉ ተደፍቷል።

"አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው?"

"አይደለሁም።"

ጀማል ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ የሆነ ነገር አነበነበ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሁለት ቁጥሩን አየ። እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። "ያቆመ ያስጀምር" አለ በዝግታ። ያንን አንድ አግዳሚ ትተን ሌሎቹን ጫንን፣ ማሽኑንም አላጠፋሁትም፣ እንዲሁ እያበራ ቆለፍኩበት። መንገድ ላይ ጀማል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረ። "ቲቸር፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚናፍቅ፣ የሞተ ሰው ለጨዋታ አይመለስም" አለኝ። ላምነው እንዴት እንደፈለግሁ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጓሮ ከጠላው ጋን አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሳልናገር ቀደመችኝ።

"ልጄ፣ ዛሬ ክፉ ነገር ሠራሁ።"

"ምን አደረግሽ እማዬ?"

"ጋኑን ሳዘም ሊያመልጠኝ ሆነ። ረሳሁት፣ በማርያም፣ ረሳሁት፣ ይበልጣል! ናማ ያዝልኝ! ብዬ ተጣራሁ። በተዝካሩ ዋዜማ ልጄን በስሙ ጠራሁት።"

"መቼ?" አልኳት።

"ቅድም፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል።"

ከእኛ ቤት እስከ ጌም ቤቱ ከተማው ሙሉ አለ፣ ያንን ያህል የሚሰማ ጉሮሮ የለም። ጀማል በሩ ላይ እንደቆመ ግድግዳውን ተደገፈ። ነገርኳት። የማስተምረው ፊዚክስ ሁሉ አፌ ውስጥ እየተንቀዋለለ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀሰችም። "ጆይስቲኩን ደፍቶታል?" አለች። ጀማል "ደፍቶታል እማማ" አላት።

"እንግዲያ እየመጣ ነው" አለች፣ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

በማግስቱ ሰው መጣ፣ የተጋገረው ተበላ፣ የተጠመቀው ተጠጣ፣ ግን እናቴ ቄሱን ጥግ ይዛ "አባ፣ ተዝካር ብለው አይጥሩብኝ፣ ዝክር ነው፣ ለጤናው ብለው ይባርኩልኝ" አለቻቸው። አጎታችን ተቆጥተው ሳይቀምሱ ሄዱ። በዚያው ማታ የከተማው መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ፣ ስለዚህ ጌም ቤቱን ስከፍት ስክሪኑ ጨልሞ ነበር፣ ያ ኳስ ይግባ አይግባ የሚያውቅ የለም። ጆይስቲኩ እስከ ዛሬ እንደተደፋ ነው፣ ያነሳው የለም።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በሕይወት ካለ አጠገቤ የነበረው ምንድን ነው? ከሞተ ደግሞ እናቴ የጠራችው ማንን ነው? እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ በሩን አትቀረቅርም፣ በዚህ የእንጅባራ ብርድ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። ትናንት ነፋሱ ሲያላጋው ተነስቼ "እማዬ፣ ልዝጋው?" አልኳት።

"ተዪው" አለችኝ ከመኝታዋ፣ "ጠርቼዋለሁ።"

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። አንስቼ መልሼ ተኛሁ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ።