እስኪረጋ ድረስ

ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ መጋዘኑ በር ላይ የተደረደሩትን በርሜሎች አየችና ደሟ ፈላ። ትናንት በገዛ እጇ የለጠፈችው «አይለፍ» የሚል ቀይ ወረቀት ተነሥቶ በቦታው አረንጓዴ ተለጥፏል። አረንጓዴ ማለት «አልፏል» ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ ደግሞ የሌላ ሰው ቢሆን በቀለላት፤ የሰርግ ቀን የቆረጠችለት እጮኛዋ ነው የፈረመው።

«በርበሬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታቃጥይ ነው?» አለ የመጋዘኑ ጠባቂ እየሳቀ። «በርበሬ» የመሥሪያ ቤት ቅጽል ስሟ ነው። መልስ ሳትሰጠው ወደ ላቦራቶሪው ገሰገሰች።

እጮኛዋ ቴርሞሜትር እየወለወለ ነበር። እሱን ደግሞ «ቀዝቃዛው» ይሉታል፤ ሲቆጣ ያየው ሰው የለም።

«ደህና አደርሽ?»

«አድሬ ነበር፣ እዚህ እስክደርስ። ወረቀቴን ማን ገነጠለው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ከወጣሽ በኋላ የበርሜሎቹን የኮምጣጤ አሲድ ደግሜ ለካሁት። በአሥራ ስድስት ተኩል ዲግሪ ነው የረጋው። ንጹሕ ነው።»

«እኔ ስለካው በአሥራ ሁለት ነበር። በአሥራ ሁለት ከረጋ ውሃ ገብቶበታል፤ ይኼን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ወይስ ያስገባው ወንድምህ ሲሆን አይቆጠርም?»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለፋብሪካው አሲድ የሚያቀርበው የሱ ታላቅ ወንድም ነው። ትናንት ጠዋት ደውሎላት፣ «ያው የቤተሰብ ዕቃ ነው የኔ እህት፣ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ አሳልፊው» ብሎ ስቆ ነበር። እሷ በእንዲህ ያለ ነገር አትስቅም። ስልኩን ዘግታ ወደ ልኬቷ የሄደችው እንደበገነች ነበር።

ሲተዋወቁም በቁጣ ነው። ሥራ በጀመረ ቀን ቴርሞሜትሩን በስሕተት ከመስታወት ቱቦው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ሲያነብ ደርሳበት፣ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገረችው። ሌላ ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ ግን ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠና፣ «እንዲህ የሚቆጣ ሰው አይዋሽም» አላት። የዚያን ቀን ምን እንደበላች ዛሬም አታስታውስም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለችው አሁን። ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በል ፊቴ ለካው። አሥራ ሁለት ከሆነ አንተንም ወንድምህንም አልፈልግም።»

እጅጌውን ሰበሰበ። አሲዱን ወደ መስታወት ቱቦ ቀድቶ በረዶ ካለበት ውሃ ውስጥ አቆመው፤ ቴርሞሜትሩን ከተተና በቀጭኑ ሽቦ ማማሰል ጀመረ። ክፍሉን የኮምጣጤ ሽታ ሞላው። ሙቀቱ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አራት እያለ ወረደ። ፈሳሹ ግን ወይ ፍንክች።

«አየህ? አሥራ ስድስትን አልፎ ሄደ፤ አልረጋም።»

«ጠብቂ።»

«ምኑን ነው የምጠብቀው? ትናንትስ ለምን አልደወልክልኝም?»

የሚያማስለው እጁ ቆመ። «ፈራሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ቁጣሽን። ተሳስተሻል ብልሽ፣ ለወንድሙ ነው የሚያደላው ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኩ።»

ይኼ ከንቀቱ የባሰ አመማት። በቁጣዋ የወደዳት ሰው ቁጣዋን ከፈራ ሌላ ምን ቀራት? እሱ ሽቦውን አስቀመጠና፣ «ረጋ በይ እንጂ» አላት።

ለተቆጣ ሰው ከዚህ ቃል የባሰ ቤንዚን የለም። ጠረጴዛውን በመዳፏ ጓ አደረገችው።

ቱቦው ዘለለ። ከታች ነጭ ነገር ብቅ አለና ፈሳሹ ባንድ አፍታ እንደ ስብ ረጋ። አሥራ ሁለት ላይ የነበረው ቴርሞሜትር ሽቅብ ወጣ፤ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስት ተኩል ላይ ቆመ።

ወደ ቱቦው ጎንበስ አለች። ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ይኼንንም ያስተማረችው እሷ ናት። ፈሳሽ በኃይል ካልተናወጠ ከመርጊያው ዲግሪ በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሲረጋ ያመቀውን ሙቀት ይለቃል፤ እውነተኛው ቁጥር ወጥቶ የሚቆምበት ነው። ቱቦውን አውጥታ ከውጭ በጣቷ ስታብሰው፣ ቅዝቃዜው ያመጣው ጭጋግ የመሰለ ላብ ተጠረገ። ትናንት በአሥራ ሁለት «ረጋ» ብላ የጻፈችው ይኼንኑ የመስታወት ላብ እንደ መርጋት ቆጥራ ነው። በበርሜሎቹ ላይ የፈረደችው ገና ስልኩን ስትዘጋ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አለች። ቃሉ ከጉሮሮዋ እንደ አጥንት ነው የወጣው። «ወንድምህንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ቁጣዬ አልበረደም። ስሳሳት ከኋላዬ ሆነህ ወረቀት አትቀይር፤ ፊቴ ቆመህ ንገረኝ። እጮህብህ ይሆናል። አንተ ግን አትሽሽ።»

ቀና ብሎ አያት። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«እሺ፣ እንግዲያው ስሚኝ። ወንድሜ አፉ አያርፍም እንጂ ሌባ አይደለም። ሳታጣሪ ሌባ አደረግሽው። ቀለበቴንም እንደ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጣልሽው። እኔም ተቆጥቻለሁ!»

ድምፁ መስኮቱን አልፎ ሄደ። ጠባቂው አንገቱን አስግጎ አየና ቶሎ ተመለሰ። እሷ ይኼንን ድምፅ ሰምታው አታውቅም፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

«እንዲህ የሚቆጣ ሰው አይዋሽም» አለችው፤ እጇንም ዘረጋችለት።

ቀለበቱን አጠለቀላት። አብረው ወደ በርሜሎቹ ሄዱ። አረንጓዴው ወረቀት ላይ ከሱ ፊርማ ሥር በአንድ እጇ ስትፈርም በሌላው እጁን እንደያዘች ነው።

«ታረቅን?» አላት።

«ገና ነኝ» አለች፤ እጁን ጠበቅ አድርጋ። «ስረጋ እነግርሃለሁ።»