በሁዳዴ የመጡ ጄሊፊሾች

የሐመር ከተማ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚሰማው የአየር ትንበያ አይደለም፤ የጄሊፊሽ ትንበያ ነው። ባሕር ላይ በተንሳፈፈ ከተማ ለሚኖር ሰው ዝናብ ምኑ ነው! «በሰሜን በኩል ጃንጥላዎች ስለሚበዙ ልጆች እንዳይዋኙ። ማበጠሪያዎች በምሥራቅ ያልፋሉ፤ እነሱ አይናደፉም፣ አትፍሯቸው። ሲመሽ ደግሞ ሰንሰለቴዎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ከጥልቁ ይወጣሉ።»

ይህን የምታነበው ትርሲት ናት። ጃንጥላ የሚባለውን ጄሊፊሽም፣ እንደ ማበጠሪያና ሰንሰለቴ መልኩ ጄሊፊሽ መስሎ ዘሩ ሌላ የሆነውንም ጠቅልላ «ዝልግልጎች» ትላቸዋለች። አጥንት የላቸው፣ አንጎል የላቸው፤ ገላቸው ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው የትኛው ዓይነት የት እንደሚውል ስትከታተል ነው። «አግቢ ብንላት ጄሊፊሽ አገባች» እያለ ሰፈሩ ያሾፍባታል።

የምትሠራበት ማሽን ተንባይ ይባላል። በባሕሩ ውስጥ የተበተኑ ቀማሾች አሉት። ቀማሽ ማለት አንዲት ጠብታ ውሃ ወስዶ፣ ከተራገፈው የገላ ብናኝ፣ በዚያ ማን እንዳለፈ የሚለይ መሣሪያ ነው። ተንባይ በዚህ ላይ ሙቀቱንና ሞገዱን ጨምሮ የነገውን ይናገራል። አንድ ነገር ግን ያስተማረችው ትርሲት ራሷ ናት፦ ሁዳዴን።

ሐመር ላይ ሁዳዴ ሲገባ መረብ ይሰቀላል። ክርስቲያኑ ለፆሙ፣ ሙስሊሙ ለጉርብትናው ብሎ፣ እስከ ፋሲካ ማንም ዓሣ አያጠምድም። ያን ጊዜ ሰርዲኑ ይበዛና የዝልግልጎቹን ምግብ ይሻማል፤ እጮቻቸውንም ይለቅማል። ስለዚህ በፆም ወራት ጄሊፊሽ ይመናመናል። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ «ፆም ደግሞ የባሕር ሳይንስ ሆነ?» ብለው ስቀውባት ነበር። ትንበያው ጠብ አልል ሲል ግን ሳቁን ተዉት።

ዘንድሮ በሁዳዴው እኩሌታ ተንባይ «ባሕሩ ንጹሕ ነው» አለ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጃንጥላዎቹ እንደ ጉድ መጥተው ጉሮሮውን ደፈኑት። ጉሮሮ የሚባለው ተጣርቶ የሚጠጣው ውሃ የሚገባበት ትልቁ ቧንቧ ነው። ከተማው ሌላ የውሃ ምንጭ የለውም።

የውሃ ኃላፊው አቶ ውብሸት ትርሲትን አስጠራት።

«በማጠራቀሚያው ያለው ለሁለት ቀን ነው የሚበቃን። ማሽንሽ አብዷል። ነገ ቀትር ላይ ማሟሚያውን እለቀዋለሁ።»

ማሟሚያ ለስላሳ ገላ ያለውን ሁሉ እንደ ጨው የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። ትርሲት ደሟ ፈላ።

«አቶ ውብሸት፣ የሚሟሙት ጉሮሮው ላይ ያሉት ብቻ መሰሉዎት? ማበጠሪያው፣ ሰንሰለቴው፣ የዓሣው ዕንቁላል ሳይቀር ነው የሚያልቀው! ባሕሩ ባዶ ይቀራል!»

«ሕዝብ ከሚጠማ ባሕር ባዶ ይቅር። እስከ ነገ ምክንያቱን ካመጣሽልኝ እሰማሻለሁ።»

ከቢሮው ስትወጣ እንባዋ መጣ፤ እልህም ያዛት። በቀጥታ የሄደችው ወደ ሁመድ ነው። ሁመድ የጉሮሮው ጠላቂዎች አለቃ፣ ቀልደኛ አፋርና የረጅም ጊዜ ወዳጇ ነው። አብረው ተንባይን ፈተሹት፤ እንደተማረው ሁዳዴ ነውና ዓሣው በዝቷል ብሎ ነው የተነበየው። ደህና ነው። ቀማሾቹን አዩ። እነሱም ደህና ናቸው፤ ግን ሰርዲን የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

«ዓሣው የት ገባ? መረቡ እንደሆነ ተሰቅሎ ደርቋል» አለች።

ሁመድ አንገቱን ደፋ። ቀልደኛው ሰውዬ ቀልድ ጠፋው።

«ትርሲት፣ ቀማሹን የፍሳሹን ውሃ ለምን አታቀምሺውም? ከእኔ ቤት ጀምሪ።»

«ምን አልክ?»

«ባለቤቴ አርግዛ ዓሣ አማራት። አንዲት ሰርዲን ባሕሩን ምን ታጎድለዋለች ብዬ፣ ከቤታችን ወደ ባሕሩ የሚከፈተውን የወለሉን ክዳን ከፍቼ መንጠቆ ጣልኩ።»

«አንዲት ብቻ?»

«በቀን።»

በጀልባ ሆነው በየሰፈሩ የፍሳሽ መውጫ እየዞሩ ቀማሹን ነከሩት። በሁመድ ሰፈር ትኩስ ሰርዲን ተገኘ። በነጋዴዎቹ ሰፈር ትኩስ ሰርዲን። በካህናቱ ሰፈር ሲደርሱ ትርሲት አማተበች፤ እዚያም አለ። በአቶ ውብሸት ሰፈርማ አይነሣ! የመጨረሻው የእሷ ሰፈር ነበር። ቀማሹ በራሷ ቤት ቧንቧ ሥር ሲጮህ ሁመድ አላየሁም ብሎ ዞር አለ።

እናቷ ወይዘሮ ጥሩዬ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ፆመኛ ናቸው፤ በሁዳዴ ሕፃን ወተት ሲጠጣ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ትርሲት እቤት ገብታ የወለሉን ክዳን አየች። ጠርዙ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለድመቷ ነው።»

«ድመት የለንማ!»

«የጎረቤት ድመት ናት። እሷ ክርስትና አልተነሣች፤ በረሃብ ትሙት?»

ትርሲት ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ያ የሰሞኑ ጣት የሚያስቆረጥም ሽሮ ትዝ ሲላት ክው አለች። ለካ እሷም ሳታውቅ ገድፋለች! ነገ ብትናገር እናቷ በሰፈር ፊት ይዋረዳሉ። ዝም ብትል ባሕሩ ያልቃል። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ጠዋት እንደ ልማዷ ድምፅ ማጉያው ፊት ተቀመጠች።

«እንደምን አደራችሁ። ጃንጥላዎቹ ጉሮሮውን እንደዘጉት ናቸው። ተንባይ አላበደም። መረባችንን ሰቅለን በየወለላችን ሥር መንጠቆ ጥለናል። ቀማሹ ሁሉንም ሰፈር ቀምሶ አንድም ንጹሕ አላገኘም፤ የእኔም ቤት አለበት። የማንንም ስም አልጠራም። ዛሬ ቀትር ላይ ማሟሚያው ከተለቀቀ ግን ለፋሲካም የሚጠመድ ዓሣ አይኖርም። መረብ ያለው ይዞ ወደ ጉሮሮው ይምጣ።»

ከዚያ ከጎረቤት አንድ የወለል ክዳን ጓ ብሎ ተዘጋ። ከማዶ ሌላው ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ በሰፈሩ ሁሉ ጓ፣ ጓ፣ ጓ ሆነ። ሰው ሁሉ ብቻውን የሠራው መስሎት ኖሮ፣ የጎረቤቱን ክዳን ሲሰማ ደነገጠ።

ከዚያም በየጀልባው መጡ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ጃንጥላዎቹን በመረብ እያፈሱ ወደ ሰፊው ባሕር መለሷቸው። አቶ ውብሸትም እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ወደ ትርሲት ጠጋ አለ።

«የእኔንም ሰፈር ቀምሷል?»

«ቀምሷል፣ አቶ ውብሸት።»

«በይ ያንን መረብ አቀብይኝ» አለ።

ቀትር ሳይሞላ ውሃው መግባት ጀመረ። ማሟሚያው ከመጋዘኑ አልወጣም።

በሳምንቱ ትርሲት እቤቷ ሆና ተንባይን እንደገና ልታስተምረው ተቀመጠች። ሙቀቱንና ሞገዱን ራሱ ያውቃል፤ የማያውቀውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፦ «በመጪው ሁዳዴ ሰዎቹ ቃላቸውን ይጠብቃሉ?» ብዙ አሰበች። ይህን የሚቀምስ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

«እማዬ፣ በመጪው ሁዳዴ ትፆሚያለሽ?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ተቆጡ። «ምን ማለትሽ ነው? እኔ መቼ ገድፌ አውቃለሁ!»

ፊታቸው ላይ ቅንጣት ውሸት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የተናገሩት። ትርሲት ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ከዚያ ወደ ተንባይ ተመልሳ «አይጠብቁም» ብላ ጻፈችና ለጉሮሮው ሁለተኛ መከላከያ መረብ እንዲሠራ አዘዘች።