ከእሳት እራቷ ጎን ምን ነበር?

የሟቹ አስከሬን ከድንኳኑ ሳይወጣ ገዳይ ተብሎ የታሰረ ሰው ነበር። ቤተሰቡን ለሽርሽር ያመጣው ሾፌር እጁን በካቴና የፊጥኝ ታስሮ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከገዛ መኪናው ጎማ ሥር ተቀምጧል። አስር አለቃው ደግሞ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ፊቱን ይታጠባል።

መርማሪዋ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ጣቢያ ውስጥ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ አይጠፋማ!

«ለምን ታሰረ?»

«ነገሩ ግልጽ ነው አለቃ» አለ አስር አለቃው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። «ሟቹ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ የኖሩ። አስም አለባቸው። ሲነጋጋ ተነሣባቸው፤ ኢንሄለራቸውን፣ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት፣ ቢፈልጉ የለም። ታፍነው ሞቱ። ዕቃው የዚህ ሰውዬ መቀመጫ ሥር ተገኘ። ትናንት ‹ቀስ ብለህ ንዳ› ቢሉት ደግሞ ‹እንግዲያው ራስዎ ይንዱት!› ብሎ መልሶላቸዋል።»

«ሾፌር ሁሉ ለዚህ ሰው የሚገድል ቢሆን ተሳፋሪ የሚባል ይተርፍ ነበር? ዕቃውን ማን አገኘው?»

«የሟቹ ሚስት የእህት ልጅ። አብሯቸው የመጣው ፋርማሲስት።»

ወደ ድንኳኑ ገባች። ቀያሹ እንደ ተንበረከኩ ነው የሞቱት። ትራሱ ተገልብጧል፣ ቦርሳው ተዘርግፏል፣ ጫማቸው ውስጥ ሳይቀር በርብረዋል። አንድ ሽማግሌ ትንፋሹን ሲፈልግ ሞቷል። ወይዘሮ ለምን ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ሚስትየዋ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ሁልጊዜ ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው» አሉ። «ሲነጋጋ ልታጠብ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ስመለስ…» ዓይናቸው ሾፌሩ ላይ አረፈ። «አንተ አረመኔ! ምን አደረገህ?»

«ልጆቼን ይንሳኝ እማማ! እኔ እሳት ሳነድ ነበር!» አለ ሾፌሩ። ወደ መርማሪዋ ዞረ። «እትዬ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። እስር ቤት ከገባሁ ማን ያስወጣኛል?»

«መኪናውን ጠዋት ከፍተኸው ነበር?»

«እንጨት ላወጣ ከፈትኩት፤ አልቆለፍኩትም። ክብሪት እንኳ አጥቼ ከእሱ ነው የተዋስኩት» ብሎ በአገጩ ፋርማሲስቱን አመለከተ። «ገና ከድንኳኑ ሲወጣ።»

«መኪናው ክፍት ነበር?» አለ አስር አለቃው። «ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ!»

ፋርማሲስቱ ስልኩን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት። «እኔ በዚያ ሰዓት እዚህ አልነበርኩም። ይኸው።»

ፎቶው ላይ አንዲት የእሳት እራት ግንድ ላይ ክንፏን ዘርግታለች። የደረቀ ቅጠል ትመስላለች፤ በየክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ አለ።

«ከንጋቱ አስራ ሁለት ከሩብ ላይ፣ ጫካው ውስጥ ያነሣኋት ናት። የእሳት እራት የሚያጠኑ ሰዎች ቡድን አለን፤ እዚያ ላክኋት። አንድ የሙዚየም ሰው ወዲያው ዓይነቷን ነገረኝ።»

ወይዘሮ ለምን የሙዚየሙን ሰው መልስ አነበበች። የዝርያውን ስም ጽፎ «እንስት ናት፤ ከክንፍ እስከ ክንፍ አስራ ስድስት ሳንቲ ሜትር» ብሏል። ፎቶውን መልሳ አየችው። ከግንዱና ከእሳት እራቷ በቀር ምንም የለበትም።

«ሌሎቹንም አሳየኝ።»

ደስ ብሎት አሳያት። ጥንዚዛ፣ ቢራቢሮ፣ ሸረሪት፤ ከእያንዳንዱ ጎን ያው አንድ የክብሪት ቀፎ አለ።

«ክብሪቱ ለምን?»

«ለመጠን ነዋ። ያለሱ ዓይነቱን በትክክል መለየት ይቸግራል።»

«ባለቤቴ ነው ያስለመደው» አሉ ሚስትየዋ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኛው ነን ያሳደግነው። ‹ያልተለካ ነገር አልታየም› ይለው ነበር።»

ወይዘሮ ለምን ራቅ ብላ ስልክ ደወለች። ስትመለስ ሁሉንም አመዱ ዙሪያ ሰበሰበች፤ ሾፌሩንም ጭምር።

«የሙዚየሙ ሰው መጠኗን በምን አወቀ?» አለች። «ፎቶው ላይ ክብሪት የለም። ክብሪቱ ሾፌሩ ጋ ነበር። አንተ ደግሞ ለመጠን አንድ ነገር ሳታስቀምጥ ፎቶ አንሥተህ አታውቅም።»

«በ… በግምት ይሆናል።»

«እኔም ደውዬ ጠየቅሁት። ‹መጀመሪያ የላከው ሌላ ነበር› አለኝ። ‹ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋውና ጠርዙን ቆርጦ እንደገና ላከ። እኔ ግን የመጀመሪያውን አስቀርቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለች በየቀኑ አትገኝም።›»

ስልኳን አዞረችላቸው። ያችው የእሳት እራት፣ ያው ግንድ። ከጎኗ አንድ ሰማያዊ ኢንሄለር፣ ወገቡ ላይ ነጭ ፕላስተር የተጠቀለለበት።

ሚስትየዋ ከጉቶው ተነሡ። «ፕላስተሩን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።»

«ሽማግሌው ትራሳቸውን ሲገለብጡ ዕቃው ጫካ ውስጥ፣ የዚህ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር» አለች ወይዘሮ ለምን። «ለመጠን የሚሆን ነገር ሲፈልግ እጁ ኪሱ ገባ፤ ያገኘውም እሱን ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! ከዚያ ክፍት መኪና አገኘ፤ መቀመጫ ሥር ወሸቀው፤ ‹አገኘሁ› ብሎም ጮኸ። የቀረኝ ለምን የሚለው ነው። ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ እሱን እርስዎ ያውቁታል፣ እማማ።»

ሚስትየዋ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ትናንት ከሰዓት ሲጣሉ ሰማሁ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ቀኑን እየፋቀ ለበሽተኛ ሲሸጥ ባለቤቴ ደርሶበት… ‹ሰኞ አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለው። የእህቴ ልጅ ነው ብዬ ዋጥኩት።»

«እና የሰው ልጅ ያሳስራሉ?» ወይዘሮ ለምን ጮኸች። «የእርስዎ የእህት ልጅ እንዳይነካ የእሱ ሦስት ልጆች ያለ አባት ይደጉ?»



«እኔ አልገደልኩትም!» አለ ፋርማሲስቱ። «አልነካሁትም እኮ! ወሰድኩት እንጂ!»

«ትንፋሹን ወሰድክበት!» አሉና ሚስትየዋ በጥፊ አጮሉት። ማንም አልያዛቸውም።

አስር አለቃው አቀርቅሮ የሾፌሩን እጅ ፈታና በዚያው ካቴና ፋርማሲስቱን አሰረ። ሚስትየዋ ወደ ሾፌሩ ቀረቡ።

«ይቅር በለኝ ልጄ።»

«ዛሬ አልችልም እማማ» አለ ሾፌሩ። የእጁን አንጓ አሸት አድርጎ ኪሱ ገባና የክብሪቱን ቀፎ አውጥቶ ፋርማሲስቱ እግር ሥር ወረወረው።

«ጠዋት ካንተ የተዋስኩትን እንካ» አለው። «እኔ የሰው ዕቃ ኪሴ ውስጥ አላሳድርም።»