ጋራዥ ውስጥ የማይጠፋው መጋዝ

ዮኤል መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ፊቱን አላየሁትም። ያየሁት ማሽኑን ነው። ትንሽ ቼይንሶ፣ ዛፍ የሚቆርጡበት ባለሞተር መጋዝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል።

«ምን ሆነ?»

«ይነሳል። ትንሽ ቆርጦ ይጠፋል። ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሳል።»

«እንደ ሰነፍ ሠራተኛ።»

ሳቀ። ያኔ ቀና ብዬ አየሁት።

ኮልፌ አጠና ተራ ትንንሽ ሞተር እጠግናለሁ። ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ትዕግሥቱን ግን አልወረስኩም።

ተነስቶ የሚጠፋ ሞተር ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። ፊልትሮውን አወጣሁት፤ ጠቁሯል። ቀየርኩ። ትንሽ ቤንዚን ጨመርኩ፣ ገመዱን ሳብኩ፣ ጮኸ። ግማሽ ደቂቃ ሰማሁት።

«ውሰድ።»

«ትንሽ ቆይተን ብናየው?»

«ምኑን? እየሰማኸው አይደል?»

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ቤንዚን የሚያስተላልፈው ቱቦ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላት። እሷን ቀየርኩ። ጮኸ። ወሰደ።

እንደገና መጣ። ካርቡራተሩን ፈታሁት። ጨለማ ስለሆነ የስልኩን መብራት ያዘልኝ። ሃያ ደቂቃ እጁ አልተነቃነቀም። እንዲያ የለመደው የእኔ እጅ ግን ብሎን ጣለ።

«ስትናደጂ ለምንድነው ካቻቢቴውን በጥርስሽ የምትይዢው?»

«አልተናደድኩም።»

«እሺ። ሳትናደጂስ?»

ካቻቢቴውን ከአፌ አወጣሁት። ካርቡራተሩን አጥቤ ገጠምኩ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ አልከበደኝም። ይሄ ለእኔ አዲስ ነው።

ሲሄድ፣ አጠገቤ ብሎንና ካንዴላ የምትሸጠው አልፊያ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሳያትዬ፣ ጤነኛ ማሽን ተሸክሞ ነው የሚመላለሰው። እኛ ዕውር ነን እንዴ?»

«ሥራሽን ሥሪ!»

ግን ደስ አለኝ። ያበላሸኝም ያ ደስታ ነው።

ሐሙስ ለአራተኛ ጊዜ መጣ። ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። አልሳቀም፣ ቸኩሏል። ገመዱን ሳብኩ፤ ወዲያው ተነሳ። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አልኩት፦

«ስማ፣ ልታየኝ ከፈለግክ ባዶ እጅህን ና። ጤነኛ ማሽን እያመጣህ ሰዓቴን አትብላ።»

ሰው ሳቀ። አልፊያም ሳቀች። እሱ ብቻ አልሳቀም።

«ቀራንዮ ስድስት ባሕር ዛፍ ቀርቶኛል» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ቅዳሜ ማታ ግቢውን ካላስረከብኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ማሽን እየጠበቁ ቆመው ነው የሚውሉት። ይሄ ቀልድ መሰለሽ?»

መጋዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ዓርብ ሙሉ ቀን በሩን ሳይ ዋልኩ። ሰው ጠብቄ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጠበቅም አላውቅበትም። አንድ ፓምፕ ገጥሜ ስጨርስ ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ይሄ ሰው ካልተመለሰ እንደዚህ ልሆን ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ቆለፍኩ።

«ወዴት ነው?» አለች አልፊያ።

«ሥራ።»

«ፀጉርሽን ተሠርተሽ?»

«ሥራ ነው አልኩሽ!»

ታክሲ ይዤ ቀራንዮ ወረድኩ። ከመድኃኔዓለም ጀርባ ዛፍ የሚቆረጥበትን ግቢ ጠይቄ አገኘሁት። አራት ዛፍ ቆሟል። ከዮኤል ጋር የሚሠሩት ሁለት ልጆች ገመድ ይዘው ተቀምጠዋል። እሱ አየኝ፤ ሰላም አላለኝም።

«ቁረጥ» አልኩት።

«ምን?»

«ቁረጥ። ቆሜ አያለሁ።»

ቤንዚን ሞላ። ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ አስነሳ። እኔ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ። ሰባት። አንድ ሞተር ይህን ያህል ሰምቼ አላውቅም። ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ።

«ይኸው» አለ።

ክዳኑን ስፈታው «ስስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ገባኝ። ቤንዚኑ እየተቃጠለ ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት። የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋን ዘይትና የእንጨት ብናኝ ደፍነዋታል። አየር ካጣ ቤንዚኑ አይወርድም። ሲያርፍ ቀስ ብሎ ትንሽ አየር ያገኛል፣ እንደገና ይነሳል። እኔ ጋ ለምን አይጠፋም? ስለምቸኩል ክዳኑን አጥብቄው አላውቅማ! ከግማሽ ደቂቃ በላይም አልሰማሁትም። እሱ ደግሞ ጠንቃቃ ነው፤ አጥብቆ ይዘጋል።

ሰው ፊት ነው ያዋረድኩት። ስለዚህ ልጆቹ እንዲሰሙ ጮክ አልኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አራቱንም ጊዜ በቅጡ ሳላየው ነው የመለስኩልህ። የሐሙሱን ንግግርም ይቅር በለኝ።»

አንደኛው ልጅ «ዮኤሌ፣ እኛ እንሂድ እንዴ?» አለ። ዮኤል በዓይኑ ዝም አሰኘው።

ክዳኑን በቤንዚን አጠብኩት፣ በአፌ ነፋሁት። አፌ ተቃጠለ። መጋዙ ሳይቆም ሠራ። አንዱ ዛፍ ሲወድቅ ከልጆቹ ጋር ገመድ ሳብኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ወደቀ፤ የግቢው ባለቤት አይቶ፣ ጨብጦት ሄደ።

ግንዱ ላይ ተቀመጥን። ብናኝ በብናኝ ሆነናል።

«ሐሙስ ለምን እንደተናደድኩ ታውቂያለሽ?» አለ።

«ስለሰደብኩህ።»

«ግማሹ እውነት ስለነበረ። ዘነበወርቅ ሰፈሬ ጎበዝ ጠጋኝ አለ። ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ወደ እሱ መሄድ ነበረብኝ። ልጆቹ ለምነውኛል። እኔ ግን…»

ሳይጨርስ ተወው። ጠበቅኩት። የእንጨት ብናኙን ከጉልበቱ አራገፈ። አየኝ። ጎንበስ አለ። እንደገና አየኝ።

«እኔም» አልኩት።

«እኔም ምን?»

«አንተ ልትለው የፈለግከውን።»

«ገና አላልኩም እኮ!»

«በለዋ! ታክሲ ሊያልቅብን ነው።»